ክራርና ማሲንቆ ብቻ፦ የሁለት ሰው ኮንሰርት ከቅኝት እስከ መድረክ

ባንድ የለም፣ ኪቦርድ የለም፣ ድራም የለም። ሁለት ሰው፣ አንድ ክራር፣ አንድ ማሲንቆ፣ አንድ ሰዓት ተኩል። እንዲህ ያለ ዝግጅት ያማረው ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ስፒከር ነው። ቀጥሎ ስለ ፖስተር። ስለ ቅኝት፣ ማለትም ገመዶቹ በየትኛው ድምፅ ላይ እንደሚያዙ፣ የሚጠይቅ የለም ማለት ይቻላል፤ የሁለት ሰው ኮንሰርት ግን የሚያምረውም የሚበላሸውም እዚያው ላይ ነው። ብዙ ሰው ያለበት ባንድ ውስጥ አንድ ገመድ ትንሽ ቢወርድ ማንም ልብ አይልም። ሁለት ብቻ ሲሆኑ መደበቂያ የለም፣ ከኋላ ወንበር የተቀመጠው አጎታችሁ ሳይቀር ይሰማዋል።

ስለዚህ ይሄ መመሪያ ከቅኝት ይነሳል። አዳራሹ፣ ማይኩ፣ ሰዓቱ፣ ክፍያው ከሱ በኋላ ይመጣሉ። ለካፌ፣ ለባህል ማዕከል፣ ለትምህርት ቤት አዳራሽ፣ ለማህበር ምሽት ይሆናል። ተጫዋች ባትሆኑም፣ አዘጋጅ ብቻ ብትሆኑም አንብቡት፤ ተጫዋቾቹ ምን እንደሚያስፈልጋቸው የማያውቅ አዘጋጅ ነው ምሽቱን የሚያበላሸው።

መጀመሪያ ጥንዱን ምረጡ

ክራርና ማሲንቆ የሚስማሙት በአጋጣሚ አይደለም። የክራር ድምፅ ተነክቶ ቶሎ ይጠፋል። የማሲንቆ ድምፅ ደጋኑ እስከተሳበ ድረስ ይቆያል። አንዱ ምቱን ይይዛል፣ ሌላው ዜማውን ይጎትታል። አንዱ ሲያቆም ሌላው ክፍተቱን ይሞላል። ለዚህ ነው ሁለቱ ብቻቸውን አንድ ምሽት መሸከም የሚችሉት።

ክራር ለብቻውም ይበቃል እኮ። ካሳ ተሰማና አስናቀች ወርቁ ክራራቸውን ይዘው ሲያንጎራጉሩ ሌላ መሳሪያ የጎደለ አይመስልም ነበር። ብዙ መሳሪያ አንድ ላይ የማሰለፍ መንገድም አለ። ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ በ1963 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በግብፃዊው የሙዚቃ ደራሲ በሃሊም ኤል ዳብ ሲመሰረት፣ ድሮ ለየብቻቸው የሚሰሙትን የባህል መሳሪያዎች አንድ መድረክ ላይ ነው ያሰባሰበው። የሁለት ሰው ዝግጅት መሃል ላይ ነው፤ የብቸኝነቱም የጭፈራውም ነገር አለው።

በገናን ከማሲንቆ ጋር ለማጣመር የሚያስብ ብዙ ነው። እኔ አልመክርም። መዝሙረ ዳዊት ላይ በገናና መሰንቆ አብረው ይጠሩ የለም እንዴ ብሎ የሚከራከረኝ አይጠፋም፤ ይጠራሉ። ግን ዛሬ በገና የጸሎትና የመዝሙር መሳሪያ ነው፣ ሰው በሁዳዴ ጾም ነው በብዛት የሚሰማው። ማሲንቆ ደግሞ ከአዝማሪ፣ ከጨዋታ፣ ከጠላና ከጠጅ ጋር በሰው አእምሮ ተያይዟል። አድማጩ ዝም ይበል ወይስ ያጨብጭብ ግራ ይገባዋል። ከዚያም በላይ የድምፅ ጉዳይ አለ። በገና ወፍራምና ዝቅ ያለ ድምፅ ነው ያለው፣ ማሲንቆ ከላይ ሲጮህበት ይዋጣል። በገና ካማራችሁ ለብቻው ምሽት ስጡት። መጠጥ አታቅርቡ፣ ጭብጨባም አትጠብቁ። ስለ በገና ከታች ማይክ ላይ ስደርስ አንድ ነገር እጨምራለሁ።

ዘፋኝ ይኑር አይኑር? ከሁለቱ አንዱ ቢዘፍን ይመረጣል። አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ ያለ ግጥም መሳሪያ ብቻ መስማት የለመደ አድማጭ እኛ ጋ ብዙ የለም። ሦስተኛ ሰው ለዘፈን ከጨመራችሁ ግን ነገሩ ሌላ ይሆናል፤ ሰው ዘፋኙን ማየት ይጀምራል፣ መሳሪያዎቹ አጃቢ ይሆናሉ።

ከማን ድምፅ ይነሳ?

ቅደም ተከተሉ ይሄ ነው፦ መጀመሪያ ጉሮሮ፣ ከዚያ ማሲንቆ፣ ከዚያ ክራር። ዘፋኙ ያለ ምንም መሳሪያ ከዝግጅቱ ከባዱን ዘፈን ይዝፈን፣ ከፍ ያለው ቦታ ላይ ሲደርስ አንገቱ ካልተገተረ እዚያው ያዙት። የማሲንቆው ገመድ ለዚያ ይቃኝ። ክራሩ ከማሲንቆው ይውሰድ።

በተቃራኒው የሚሰሩ አሉ። ክራሩ ቤት ተቃኝቶ ይመጣል፣ ሌላው ሁሉ ለሱ ይጎነበሳል። ውጤቱ ዘፋኙ ሦስተኛው ዘፈን ላይ ድምፁ መሻከሩ ነው። ጉሮሮ አይቃኝም፣ ገመድ ግን ይቃኛል።

ቅኝቱን ለክራር ከፍ ማድረግ ግን ገደብ አለው። ቀጭኑ ገመድ ከልክ በላይ ሲሳብ ይበጠሳል፣ ብዙ ሲወርድ ደግሞ ይላላና ይንቀጫቀጫል። ዘፋኙ የሚመቸው ቁመት ክራሩን የሚያስጨንቀው ከሆነ ገመዶቹን በቀጭን ወይም በወፍራም ቀይሩ እንጂ አትታገሉ። አዲስ ገመድ ደግሞ በዋዜማው አይገጠምም። በተለይ ናይለን እየተሳበ ይለጠጣል፣ እስኪረጋ ቀናት ይፈልጋል። ቢያንስ ሳምንት ሲቀረው ቀይራችሁ በየቀኑ ቃኙት።

ዝግጅቱን በቅኝት ደርድሩ

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደረስን። ብዙ ሰው የዘፈን ዝርዝር የሚያወጣው በስሜት ነው፤ ደስ የሚለው እዚህ፣ የሚያሳዝነው እዚያ። ለባንድ ይሰራል። ለክራር ግን እያንዳንዱ የቅኝት ለውጥ መድረክ ላይ ገመድ ማጥበቅና ማላላት ማለት ነው። ዝርዝሩ በዘፈቀደ ከተሰራ ተጫዋቹ ምሽቱን ሙሉ ሲቃኝ ያመሻል።

ስድስት ገመድ ያለው ክራር አምስቱ ላይ የቅኝቱን አምስት ድምፆች ይይዛል፣ ስድስተኛው የመጀመሪያውን አንድ ስምንዮሽ (ኦክታቭ) ከፍ ብሎ ይደግማል። ሁሉንም ከዶ ብናስነሳቸው እንዲህ ይሆናሉ፤ ፍላት ማለት ግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ማለት ነው።

ትዝታ ሜጀር፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ።
ትዝታ ማይነር፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ ፍላት፣ ሶል፣ ላ ፍላት።
አምባሰል፦ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት።
አንቺሆዬ፦ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ።
ባቲ ማይነር፦ ዶ፣ ሚ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ፍላት።
ባቲ ሜጀር፦ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ።

እንግዲህ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሄድ ስንት ገመድ እንደሚነካ ቁጠሩ። ከትዝታ ሜጀር ወደ ማይነር ሁለት ገመድ ግማሽ ድምፅ ማውረድ ነው፣ አለቀ። ከትዝታ ማይነር ወደ አምባሰልም ሁለት ነው፤ ሬ ይወርዳል፣ ሚ ፍላት ወደ ፋ ይወጣል። ከአምባሰል ወደ አንቺሆዬም ሁለት፤ ሶል ይወርዳል፣ ላ ፍላት ይወጣል። ከአንቺሆዬ ወደ ባቲ ግን ሦስት ነው፣ ያውም ሬ ፍላት ረጅም መንገድ ተጉዞ ሚ ወይም ሚ ፍላት መድረስ አለበት። ረጅም የተሳበ ገመድ ቶሎ አይረጋም። ያንን ለውጥ ዕረፍት ላይ ጣሉት።

ስለዚህ እኔ የማምንበት ቅደም ተከተል ይሄ ነው። የመጀመሪያው ክፍል ትዝታ ሜጀር፣ ትዝታ ማይነር፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ። ዕረፍት። ሁለተኛው ክፍል ባቲ ማይነር፣ ከዚያ ሁለት ገመድ ግማሽ ድምፅ ከፍ አድርጎ ባቲ ሜጀር፣ እዚያው መዝጋት። በእያንዳንዱ ቅኝት ሁለት ሁለት ጨዋታ ብታደርጉ አስራ ሁለት ይሆናል፣ ከወሬና ከመቃኘቱ ጋር ሰዓት ተኩል ይሞላል።

በትዝታ መጀመር አይከብድም ወይ? ሊከብድ ይችላል። ግን ትዝታ ቅኝት ማለት የግድ የትዝታ እንጉርጉሮ አይደለም፣ በትዝታ ሜጀር የሚዘፈን ቀለል ያለ፣ እግር የሚያንቀሳቅስ ዘፈን ሞልቷል። በዚያ ጀምሩ። እንጉርጉሮው ሰው ሲረጋጋ፣ የዘገየው ገብቶ ወንበር ሲይዝ ይምጣ።

አንድ ማሳሰቢያ። ከላይ የጻፍኳቸው ድምፆች በፒያኖ ቁልፍ የተለኩ ናቸው። የቆየ የባህል ተጫዋች አምባሰሉንና አንቺሆዬውን ከዚያ ትንሽ ፈቀቅ አድርጎ ነው የሚይዘው፣ ጣዕሙም እዚያ ነው። የስልክ መቃኛችሁ ቀይ ቢያሳይ ከተጫዋቹ ጋ አትከራከሩ። ቁም ነገሩ ሁለቱ መሳሪያዎች አንድ ዓይነት ፈቀቅ ማለታቸው ነው። ክራሩ በስልክ፣ ማሲንቆው በጆሮ ከተቃኙ ግን ምሽቱን ሙሉ ሲጣሉ ትሰማላችሁ።

ክራሩ ሲቃኝ ማሲንቆው ይናገር

ማሲንቆ አንድ ገመድ ነው ያለው። ቅኝት ሲቀየር ምንም አይቃኝም፣ ተጫዋቹ ጣቱን ሌላ ቦታ ያሳርፋል፣ በቃ። ይሄንን ተጠቀሙበት። ክራሩ ሁለቱን ገመድ በሚያስተካክልበት ጊዜ ማሲንቆው የሚቀጥለውን ቅኝት ለብቻው ያሰማ፣ ዝግ ባለ መግቢያ፣ ያለ ምት። አድማጩ ጆሮው አዲሱን ቅኝት ይለምዳል፣ የመቃኘቱ ጊዜ ራሱ ሙዚቃ ይሆናል። ከሁሉም ለውጥ አንዱ ላይ ደግሞ ረዘም አድርጉትና ማሲንቆው ዘለሰኛ ይጫወት። ስለ ሞት፣ ስለ ዓለም ከንቱነት የሚለው የድሮ ዜማ ያለ ክራር ነው የሚያምረው።

ለዚህ ግን ክራር ተጫዋቹ በጆሮው ሳይሆን በንዝረት መቃኘት መቻል አለበት፣ አጠገቡ ማሲንቆ እየጮኸ ነውና። ለጊታር የሚሸጠው በቅንጥብ የሚያዝ ትንሽ መቃኛ አለ፤ ቀንበሩ ላይ፣ ገመዶቹ የሚጠመጠሙበት የላይኛው እንጨት ላይ፣ ይነከሳል፣ የሚለካው የእንጨቱን ንዝረት ስለሆነ የአዳራሹ ጫጫታ አያደናግረውም። ተጫዋቹ በጆሮው የወደደውን ቅኝት ቤት ሆኖ ይያዝና መቃኛው ላይ ምን እንደሚያሳይ ይመዝግብ፣ መድረክ ላይ እዚያው ይመልሰዋል።

ገመድ ሲወርድ አንድ ዘዴ አለ። ከሚፈለገው በታች አውርዳችሁ ከዚያ ወደ ላይ ሳቡት። ከላይ ወደ ታች ብቻ የመጣ ገመድ ትንሽ ቆይቶ እንደገና ይወርዳል። ክራሩ በጨርቅ የተጠቀለለ የድሮ መቃኛ ካለው ደግሞ እዚህ ጋ ይቸገራል፣ ለተመልካች መድረክ የጊታር ዓይነት የብረት መቃኛ የተገጠመለት ይሻላል። ሁለት ክራር ማምጣት የሚችል ካለ የባቲውን አስቀድሞ ቃኝቶ ያስቀምጥ፣ ግልግል ነው።

ልምምድ፦ ማን ይምራ፣ ማን ዝም ይበል

ሁለቱ ተጫዋቾች እያንዳንዳቸው ጎበዝ ቢሆኑም አብረው ሲሆኑ የሚታይ አንድ ችግር አለ፤ ሁለቱም ሁልጊዜ ይጫወታሉ። ዘፋኙ ይዘፍናል፣ ማሲንቆው ያንኑ ዜማ ይከተላል፣ ክራሩም ያንኑ ዜማ ይደረድራል። ሦስት ጊዜ አንድ ነገር። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ጆሮ ይደክማል።

ልምምድ ላይ እያንዳንዱን ጨዋታ ወስዳችሁ ይሄን ተስማሙ፦ በግጥሙ ጊዜ ዜማውን የሚከተለው ማነው? ግጥሙ ሲያልቅ መልሱን የሚሰጠው ማነው? ማን የት ላይ ጭራሽ ዝም ይላል? ክራር ሁለት መልክ አለው። በጣት አንድ አንድ ገመድ መደርደር አለ፣ በቀኝ እጅ ሁሉንም ገመድ እየመቱ በግራ ጣቶች የማይፈለጉትን ማፈን ደግሞ አለ። የመጀመሪያው ለእንጉርጉሮ፣ ሁለተኛው ለሞቅታ። ማሲንቆው ዜማ ሲይዝ ክራሩ ወደ መምታት ቢሄድ፣ ክራሩ ሲደረድር ማሲንቆው ደጋኑን አንስቶ ቢጠብቅ ሁለት ሰው መሆናቸው ይረሳል።

ለችክችካ ጨዋታ የከበሮውን ቦታ የሚይዘው ክራሩ ነው። ከበሮ ስለሌለ ፍጥነቱ ሳይታወቅ እየጨመረ ይሄዳል፣ በተለይ ሰው ሲያጨበጭብ። አንድ ልምምድ በስልካችሁ ቅዱና መጀመሪያውንና መጨረሻውን አስተያዩት። ልዩነቱ ካስደነገጣችሁ እግራችሁን እየመታችሁ ተለማመዱ።

አጀማመርና አጨራረስ ላይ ጊዜ አጥፉ። መሃሉ ራሱን ይችላል። አንድ ዘፈን እንዴት እንደሚቆም ሳይስማሙ የወጡ ተጫዋቾች መጨረሻው ላይ ሲተያዩ፣ ሲሳሳቁ፣ አንዱ ቆሞ ሌላው ሲቀጥል ሁላችንም አይተናል።

ቆዳና አየር

ሁለቱም መሳሪያ ሆዱ ላይ ቆዳ የተወጠረበት ነው። ቆዳ እርጥበት ሲያገኝ ይላላል፣ ሲደርቅ ይወጠራል፣ ቅኝቱም አብሮ ይወርዳል ይወጣል። በማሲንቆ ይብሳል፤ ገመዱም የደጋኑ ክርም የፈረስ ጭራ ስለሆነ እሱም እርጥበት ይጠጣል። ስለዚህ መሳሪያዎቹ ከዝግጅቱ ሁለት ሰዓት ቀድመው አዳራሹ ውስጥ ገብተው ከቦርሳ ይውጡ። መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ አይተዉ። ክረምት ላይ ቆዳው ልል ብሎ ድምፁ ሲታፈን ከሰል ዳር ራቅ አድርጎ ማሞቅ የቆየ ዘዴ ነው፣ ራቅ የምትለዋን ቃል ግን አትርሱ። የመድረክ መብራት እንኳን የቀረበ ከሆነ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ቅኝት ያንቀሳቅሳል፣ መብራቱ መለማመጃው ላይም ይብራ።

ለማሲንቆ ሙጫ መያዙን ጠይቁ። ያልተቀባ ጭራ በጭራ ላይ ይንሸራተታል እንጂ ድምፅ አያወጣም። መለዋወጫ ጭራ፣ መለዋወጫ የክራር ገመድ፣ መቀስ። ይሄ ሁሉ በአንድ ላስቲክ ይያዝና ወንበሩ ስር ይቀመጥ፣ መኪና ውስጥ ሳይሆን።

ቤቱ

ትንሽ ቤት ምረጡ። ሃምሳ ስልሳ ሰው የሚይዝ፣ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ወለሉ እንጨት ወይም ሲሚንቶ የሆነ። ምንጣፍና ወፍራም መጋረጃ የሞላበት ቤት ድምፅ ይበላል። ባዶ ቤት ገብታችሁ አጨብጭቡ። ጭብጨባው ደርቆ ከቀረ ክራሩም ደርቆ ይቀራል፤ እያስተጋባ ከቆየ ደግሞ የማሲንቆው ዜማ ይደባለቃል።

ከዚያ ዝም ብላችሁ ሁለት ደቂቃ ቁሙና አድምጡ። ፍሪጁ ያጉረመርማል? ጄነሬተሩ የት ነው ያለው? ካፌ ከሆነ የማኪያቶ ማሽኑ ከመድረኩ ስንት እርምጃ ይርቃል? ወተት ሲያፈላ የሚያወጣው ድምፅ አንድ እንጉርጉሮ ለመግደል ይበቃል፤ ባለቤቱን ለምኑና ጨዋታ እየተካሄደ ማሽኑ አይሰራ፣ በዕረፍት ጊዜ የፈለገውን ያህል ይሽጥ። ቡና በጀበና ቢሆን እንዲያውም ጥሩ ነው፣ ሽታው ይጠራል፣ ድምፅ የለውም። አፈላሉ ብቻ ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ይለቅ፣ ሙቀጫው በኋላ እንዳይጀምር።

ጣሪያው ቆርቆሮ ከሆነ በሐምሌና በነሐሴ አትሞክሩት። ዝናቡ ከመጣ ማይክም አያድናችሁም።

ወንበሮቹን በግማሽ ክብ አስቀምጡ፣ መድረኩ ከፍ ማለት የለበትም። ተጫዋቾቹ ጎን ለጎን ሳይሆን ትንሽ ተያይተው ይቀመጡ፣ አንዱ የሌላውን እጅ ማየት አለበት። ወንበራቸው እጀታ የሌለው ይሁን። ሶፋ አታቅርቡላቸው፣ ክራር ያዥ ሶፋ ላይ ይሰምጣል።

ማይክ ካስፈለገ

ቤቱ ትንሽ ከሆነ ያለ ማይክ ተጫወቱ። ሰው መጀመሪያ ድምፁ አነሰ ይላል፣ ከሁለተኛው ዘፈን በኋላ ራሱ ዝም ብሎ ማድመጥ ይጀምራል። መብራት ቢጠፋም ጨዋታው አይቆምም፣ ይሄ ቀላል ጥቅም አይደለም።

የግድ ማይክ ከሆነ ለእያንዳንዱ መሳሪያ አንድ፣ ለዘፋኙ አንድ። የማሲንቆውን ወደ ቆዳው አዙሩና ከአንድ ስንዝር በላይ አርቁት፤ ሲጠጋ የደጋኑን ፍትጊያ ብቻ ነው የሚያነሳው። የክራሩን በብርኩማው (ገመዶቹ ቆዳው ላይ በሚያርፉበት ድጋፍ) አካባቢ ወደ ገበቴው፣ ወደ ሆዱ። ስፒከሮቹ ከተጫዋቾቹ ፊት ይቅደሙ፣ ከኋላ ከሆኑ ይፏጫል።

ከድምፅ ባለሙያው ጋር አስቀድማችሁ ስለ ኤኮ ተነጋገሩ። እኛ አገር የኤኮ ነገር በሽታ ሆኗል፣ ማይክ ሲከፈት አብሮ ይከፈታል፣ ክራር ደግሞ ቶሎ የሚጠፋ ጥርት ያለ ድምፅ ስለሆነ በኤኮ ሲታጠብ ጣዕሙ ይሄዳል። ዝጋው በሉት። አይሆንም ብሎ ካስቸገረ ዘፋኙ ላይ ብቻ ትንሽ ይተው።

በገና ለብቻው ስታዘጋጁ ደግሞ ይሄን ንገሩት። በበገና ገመድና በብርኩማው መካከል እንዝራ የሚባል ትንሽ ቆዳ ይገባል፣ ገመዱ እሱን እየነካ ነው ያ የሚያንዛዝር ድምፅ የሚወጣው። የማያውቅ ባለሙያ ስፒከር የተቀደደ ወይም ገመድ የላላ ይመስለውና ከፍ ያሉትን ድምፆች ይቆርጣል። ያን ሲቆርጥ በገናውን ቆረጠው ማለት ነው። የበገና ደርዳሪውን የመጋቤ ስብሐት ዓለሙ አጋን ቅጂ አንድ ጊዜ አሰሙት፣ ወዲያው ይገባዋል።

ተቀበል፣ ሽልማትና ስልክ

አዝማሪ ቤት የለመደ ሰው ይመጣል። ሞቅ ሲለው ‘ተቀበል!’ ይላል፣ ስንኝ ይሰጣል፣ አዝማሪው ተቀብሎ ይዘፍነዋል። በኮንሰርት ላይ ይፈቀድ ወይ? ማሲንቆ ተጫዋቹን ጠይቁት። የሚችልና የሚወድ ከሆነ ሁለተኛው ክፍል ላይ አንድ ቦታ ስጡት፣ ባቲው ላይ ለምሳሌ፣ ቦታውንም አስቀድማችሁ ለሰው ተናገሩ። ካልተናገራችሁ ዘለሰኛው መሃል ላይ ይመጣባችኋል። ስንኝ አቀባዩ ዘር ወይም ፖለቲካ ውስጥ ከገባ ተጫዋቹ ቃሉን ሰም አልብሶ የማሳለፍ ሙሉ መብት አለው፣ ጥሩ አዝማሪ ደግሞ ይችልበታል።

ሽልማትም እንደዚያው። ብር ግንባር ላይ መለጠፍ ለአዝማሪ ቤት ክብር ነው፣ እጁ ደጋን ለያዘና ዓይኑን ጨፍኖ ለሚጫወት ሰው ግን ረብሻ ሊሆን ይችላል። ተጫዋቾቹ ካልፈለጉ በሩ ላይ ወይም መድረኩ ጥግ ላይ መሶብ አስቀምጡና ሰው እዚያ ይጣል። ክፈፉ የሚያምር ትንሽ መሶብ ከሆነ ብዙ ይጣልበታል፣ ይሄ ከልምድ ነው።

በጨዋታዎቹ መካከል አታውሩ ማለት ይከብዳል፣ ግን አጭር ይሁን። ስለ ቅኝቱ ሁለት ዓረፍተ ነገር፣ ስለ ግጥሙ አንድ። የኢትዮጵያን ሙዚቃ ታሪክ ከቅዱስ ያሬድ ጀምሮ የሚተርክ አስተዋዋቂ አታምጡ፣ ተጫዋቹ ራሱ ቢናገር ይበልጣል። ስልክ ደግሞ መቅዳት ይቻላል በሉ፣ ግን አንዱን ዘፈን ብቻ፣ የትኛው እንደሆነ ንገሩ። ሙሉ በሙሉ ከከለከላችሁ ተደብቀው ይቀዳሉ።

የምሽቱ ሰዓት

ምሽት 12 ሰዓት ተኩል ይጀመራል ካላችሁ ተጫዋቾቹ 10 ሰዓት ተኩል ይድረሱ። እስከ 11 ሰዓት መሳሪያው አየሩን ይላመድ፣ እነሱም ሻይ ይጠጡ። 11 ሰዓት ላይ ይቃኙና ከእያንዳንዱ ቅኝት አንድ አንድ ግማሽ ዘፈን ይሞክሩ፤ ለውጦቹን በትክክለኛው ቅደም ተከተል። 12 ሰዓት በር ይከፈት፣ መድረኩ ላይ ማንም አይቃኝ፣ ጓዳ ይግቡ። ሰው ይዘገያል፣ ይሄ የታወቀ ነው፣ ሩብ ሰዓት ጠብቁ፣ ከዚያ በላይ በሰዓቱ የመጣውን መቅጣት ነው።

የመጀመሪያው ክፍል አንድ ሰዓት ገደማ፣ ዕረፍቱ ሩብ ሰዓት። በዕረፍቱ ክራር ተጫዋቹን አታስጨንቁት፣ ፎቶ አብረን እንነሳ የሚለውንም ገታ አድርጉት፣ ሦስት ገመድ ወደ ባቲ የሚወስድበት ሰዓት ነው። ቀድሞ ቃኝቶ ዕረፍቱ ሊያልቅ ሲል እንደገና ይፈትሸው፣ ወርዶ ያገኘዋል።

ውጭ አገር ላላችሁ

ዋሽንግተንም ሆነ ቴል አቪቭ ወይም ስቶክሆልም የምታዘጋጁ ከሆነ ቀሪው ያው ነው፣ ሁለት ነገር ብቻ ይለያል። አንደኛ፣ ክረምት ላይ ማሞቂያው አየሩን ያደርቀዋል፣ ቆዳው ከመጠን በላይ ይወጠራል፣ እንጨትም ሊሰነጠቅ ይችላል። መሳሪያውን ከማሞቂያው አርቁ፣ ክፍሉ ውስጥ እርጥበት ይኑር። ሁለተኛ፣ ተጫዋች ከአገር ቤት ስታስመጡ ክራርና ማሲንቆ ቆዳና የእንስሳ ፀጉር ያለባቸው ዕቃዎች ስለሆኑ ጉምሩክ ሊጠይቅባቸው ይችላል። የምትገቡበትን አገር ደንብ ቀድማችሁ አጣሩ። በአውሮፕላን ሲጓዝ ገመዱ ላላ ይበል፣ ብርኩማው ይውጣና ለብቻው ይጠቅለል፣ ከተቻለ መሳሪያው በእጅ ይያዝ።

ክፍያውን በተመለከተ፣ ለሁለቱም እኩል ይሁን፣ ዘፈነም አልዘፈነም። ቀብድ ስጡ፣ ቀሪውን ደግሞ በዚያው ምሽት፣ ወንበር መሰብሰብ ሳይጀመር፣ በእጃቸው። ትራንስፖርታቸው ከክፍያው ውጪ ነው። እነሱም ገመዳቸውን ላላ አድርገው፣ የደጋኑን ጭራ ጠርገው፣ መሳሪያውን ቦርሳ ውስጥ እስኪያስገቡ ጠብቋቸው እንጂ መብራት አታጥፉባቸው።